ግድግዳው በወፈረ ቁጥር

ለውድ እህቴ፣ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ክር መርፌ ውስጥ ስታስገቢ የሚያለቅሰው ዓይንሽስ? የአባባ እግር ትንሽ ለቀቅ አለላቸው? ልጆችሽ አድገው ልብስ አጠራቸው ወይስ የልብስ ሰፊ ልጅ ልብስ አያጥረውም? እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ እሱ ግን ብቻውን ይበቃል።

አባባን የሚያነሳ የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው ስለሌለ የስፌት ሱቅሽን ልትዘጊው እንደሆነ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ዝም ያልኩት ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አይደለም። እንቢ የምልበትን ምክንያት ስፈልግ ነበር፤ አገኘሁት። ያገኘሁት ከግድግዳ ላይ ስለሆነ ታገሺኝና ልንገርሽ።

አሁን ሆስፒታል እየነደፍን ነው። የእኔ ሥራ ሕንፃው ከመቆሙ በፊት ነው፤ ኮምፒውተር ላይ አቁሜው መሬት ሲንቀጠቀጥ የትኛው ግድግዳ ምን ያህል እንደሚችል አሰላለሁ። የሚያሰጋን ሺር የምንለው ኃይል ነው። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ የመቀሱ አንዱ ስለት ወዲህ ሌላው ወዲያ ሲሄድ ጨርቁ መሃል ላይ ይለያያል። ፎቁ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ መሠረቱ አልንቀሳቀስም ካለ ግድግዳውም በሰያፍ ይሰነጠቃል። ያውም ሳያስጠነቅቅ።

ታዲያ ደረጃው አጠገብ ያለው ግድግዳ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ወንድምሽ ምን አደረገ? አወፈረው። ሃያ ሳንቲ ሜትር የነበረውን ሰላሳ አድርጌ ጠበቅሁ። አሁንም ቀይ! አርባ አደረግሁት፤ ኃይሉም አብሮት ወፈረ። ግድግዳው በጠነከረ ቁጥር ሕንፃው "እሱ ይችላል" እያለ የሌላውን ድርሻ ሁሉ እሱ ላይ ይጥልበታል። ማዶ ያሉት በመስኮት ተበሳስተው ስለቀጠኑ እንደ እንግዳ ቁጭ ብለው ያያሉ። ጭራሽ ሕንፃው በዚያ በአንዱ ግድግዳ ዙሪያ መጠማዘዝ አመጣ።

አለቃዬ ከሰላምታ ይልቅ ሽሙጥ የሚቀናት ሴትዮ ናት። ከኋላዬ ቆማ አየችና "ይሄን ምስኪን አበላኸው፣ አበላኸው፤ ሥራውን የሚካፈለው ግን አልሰጠኸውም" አለችኝ። ስቄ ሳልጨርስ ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። ቤት ውስጥ ስምሽ "ምሰሶ" አይደል? ሹፌሩ ወንድማችን "ምሰሶ ትችለዋለች" ብሎ መኪናውን ያስነሳል። እኔም ከሩቅ "በርቺ፣ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ" እልሻለሁ። ለካ ማወፈራችን ነው!

መፍትሔው ያለው ማዶ ነበር። የሕንፃውን መልክ የነደፈው ባልደረባችን መስታወቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚሳሳለት፤ ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች ይደፈኑ ስለው "ሕንፃዬን ልታሳውረው ነው?" ብሎ ጮኸ። ወገቡ ከሚቆረጥ አንድ ዓይኑ ቢጨፈን ይሻለዋል አልኩት። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን እሺ አለ። ማዶ ረጅም ግድግዳ ቆመ፤ የደረጃውን ወደ ድሮ ውፍረቱ መለስኩት፤ ቀዩም ጠፋ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ያሉት ያለ ኮምፒውተር ነው፤ ይገርመኛል።

ስለዚህ ሱቁን አትዘጊም። ዋናው ንድፍ ስላለቀ አለቃዬ የቀረውን ስሌት ከቤት ሆኜ እንድሠራ ፈቅዳልኛለች። በመጪው ወር መጀመሪያ እመጣለሁ፤ አባባ በእግራቸው እስኪቆሙ ድረስ ጠረጴዛዬ ከአልጋቸው አጠገብ ነው። ሹፌሩንም በስልክ ያዝኩት። "ሥራ ላይ ነኝ" አለኝ። ሥራህ መንዳት ከሆነ አባባንም ወደ ሐኪም ንዳቸው አልኩት። ትንሽ አጉረመረመ እንጂ እንቢ አላለም፤ በሳምንት ሁለት ቀን እሱ ያመላልሳቸዋል። አባባንም ጠየቅኋቸው። "ማንም ያንሳኝ፤ ብቻ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ከደጅ ካልሰማሁ ቤቱ ይጨንቀኛል" አሉኝ። እንግዲህ ይህን ሰምተሽ ከቻልሽ ዝጊው!

አውቅሻለሁ፣ ሳያማክሩኝ ወሰኑ ብለሽ ታኮርፊያለሽ። አኩርፊ፤ እስክመጣ ይለቅሻል። "እችላለሁ" የሚለውን ግን እንዳትጽፊልኝ። መቻልሽንማ ማን አጣው?

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽ ሒሳቧን ትያዝልኝ፣ ስመጣ እጠይቃታለሁ፤ ትንሿን ጉንጯን ንከሽልኝ። ለሹፌሩ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ማክሰኞና ዓርብ ተራው መሆኑም አብሮ ይድረሰው። የአንቺን ሰላምታ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ስምሽንም አንወስድብሽም፣ ምሰሶ ነሽ። ግን እታለሜ፣ ዙሪያውን ግድግዳ የሌለው ምሰሶ እኮ ሜዳ ላይ የቆመ እንጨት ነው።

ታናሽ ወንድምሽ፣
የማዶው ግድግዳ

ከቢሮ፣ ከመስኮቱ ዳር
ጥር 12 ቀን