ፊናንስ ያልወሰደው ክኒን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ግንቦት 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፣ ጅቡቲ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጋሼስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የዚያ አገር ሙቀት ጉልበትሽን እንዴት አድርጎታል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። በጽሑፌ እንዳትስቂ። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ማዘንጊያ ነበር፤ ይሄን ግን ልጄን ጻፍልኝ አልለውም። በመሠረተ ትምህርት በለቃቀምኳት ፊደል እየተንደፋደፍኩ ነው።

እትዬ፣ ለማዘንጊያ ከምትልኪው ቢጫ ክኒን አንዱም ኬላ ላይ ኮንትሮባንድ የሚፈትሸው ፊናንስ እጅ አልገባም። ፊናንስ ወሰደብን ብዬ ያጻፍኩልሽ ውሸቴን ነው። ጎረቤቴ ሃዎ ከዚያ ለሽያጭ ከምታመጣው ሰልባጅ ልብስ መሀል ሸሽጋ በሰላም ታደርስልኝ ነበር። የደበቅኩት እኔ ነኝ።

አቦ፣ አትርገሚኝ፣ መጀመሪያ ስሚኝ! የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ፣ ከልጅነቱ ያሠቃየው የአንጀት ቁስለት አስቀረልኝ። ደም እንደሚያስቀምጠው አይተው፣ ሲድን ይመጣል አሉኝ። ሲድን! የቀበሌያችንን ሰው የሰርካዲስን ትልቁን ልጅ ከቀፊራ ገበያ አፍሰው ወስደውት እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ስለዚህ ዳነ ወይ ብለው የሚያዩበት ምርመራ ሲቃረብ ክኒኑን አስቀርበት ጀመር። ደሙ ሲታይ ይመልሱታል። በኋላ ሳያስጠነቅቁ መጥራት አመጡ፤ እኔም ጨርሶ ከለከልኩት። ሆዱን ይዞ ሲያቃስት እየሰማሁ፣ እሰይ ቀረልኝ እል ነበር። እሳት ይብላኝ፣ ምን ዓይነት እናት ነኝ? እሱ እኮ ፊናንሶቹን እንኳ አይረግምም፤ ሥራቸው ነው፣ ምን ያድርጉ ይላል።

ባለፈው ሰኞ ሐኪሙ ለብቻዬ አስጠራኝ። አንጀት ሲቆጣ ሰውነት ኢንዛይም የሚሉትን ነገር ያመነጫል አለኝ። ለጥቂት ጊዜ ከሆነ ቁስሉን ለማዳን ነው፤ ቁጣው ዓመታት ከዘለቀ ግን ያው ኢንዛይም ሥጋው ያለ ልክ እንዲበቅል ይገፋዋል፣ ነገሩ ገና እየተጠና ነው አለ። ክኒኑ የታዘዘው ያንን ቁጣ እንዲያበርድ ነበር። ማዘንጊያ ላይ የበቀለው ካንሰር ነው፤ ወደ ጉበቱም ዘልቋል።

መድኃኒቱን አቋርጦ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በጭራሽ አልኩት። ምላሴን ይቁረጠው! ሰውዬው ግራ ገብቶት፣ ምናልባት መጠኑን አሳንሼ አዝዤለት ይሆናል እያለ ራሱን ወቀሰ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር የሐኪሙን ወረቀት ሲያይ የማዘንጊያን ስም ከውትድርናው ዝርዝር ሰረዘው። ከእንግዲህ አንጠራውም፣ እርፍ በይ አለኝ። ስመኘው የኖርኩት ቃል ነው እኮ፣ እትዬ! ስወጣ ሰርካዲስ በር ላይ እጄን ያዘችኝ። ምን አድርገሽ ነው ያስቀረሽው፣ ለታናሹ ልጄ ንገሪኝ፣ በማርያም ብላ አለቀሰች። እኔም አቅፌያት አለቀስኩ።

አሁን የደበቅኩትን ክኒን በእጄ እሰጠዋለሁ። ተገኘልኝ እንዴ ብሎ ደስ አለው፤ አክስቴን አመስግኚልኝ ብሎሻል። እንግዲህ ሌላ አትላኪ። ያለው ይበቃዋል። አንቺ ራስሽ ነዪ እንጂ፤ ክረምቱ እስኪገባ አትጠብቂ።

የልጆችሽን ክፉ አያሳይሽ፤ በመንገድሽ ሁሉ እመቤቴ ትከተልሽ።

ታናሽ እህትሽ፣ በደለኛዋ