አሜን የሚል ሰው

ልጄ ገመቺስ፣ እመብርሃን በሄድክበት ሁሉ ትከተልህ። እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ኔትወርክ ስለጠፋ ይህን በሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ጊደራችን ወልዳ ቤቱ ወተት በወተት ሆኗል፤ የሚጠጣው ሰው ነው የጠፋው። አንተ በዚያ ብርድ ጃኬትህን ሳትቆልፍ አትውጣ።

አባትህ ካረፈ ወዲህ የእራቱን ምስጋና የማደርሰው እኔው ነኝ። «ያበላኸን አምላክ ተመስገን» እልና፣ አሜን የሚለኝ ሳጣ ገበታውን አነሳለሁ። ትናንት ግን ጎረቤታችን ጃለኔ ከግድግዳው ማዶ «አሜን፣ እትዬ ካሰች!» አለችኝ። ለካ ሁሌም ትሰማኝ ኖሯል! እንባዬ መጣ።

ዛሬ እሷም ጌዶ ከተማ እናቷ ጋ ሄደች። አምላክ ከክፉ ይሰውርህ፣ ልጄ፤ ጃለኔ እስክትመለስ ድረስ ከእራትህ ስትነሳ አንተ አሜን በልልኝ። ባልሰማህም እንደሰማሁ እቆጥረዋለሁ።

እናትህ