የሲስተር «አንድ ተቃውሞ» የሕይወት ታሪክ

እኅታችን ሲስተር ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 17 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ሁለት ክፍል ነበራት፤ በአንዱ የእናታችን የስፌት መኪና ይኖር ነበር፣ በሌላው የቀረነው። እሳቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ይህን የምጽፈው የመጨረሻው ነኝ። የሕይወት ታሪክ በቁጣ አይጻፍም ብለው የመከሩኝ ዘመዶች አሉ። ምክራቸውን ሰምቼ ሁለት ረቂቅ ቀድጃለሁ፤ ለስላሳው ይህ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አባታችን ወንበሮቹን በሠሩለት ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ገቡ። ቁመታቸው አጭር ሆኖ ሳለ የኋላ ወንበር ስለደረሳቸው እጃቸውን ሲያወጡ መምህሩ አያዩአቸውም ነበር። አንድ ቀን እያለቀሱ ቤት ሲመጡ አባታችን መላጊያቸውን አስቀምጠው «እጅሽን ካወጣሽ እስኪያዩሽ አታውርጂ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ክንዳቸው እስኪዝል ይጠብቁ ነበር። ክፍሉን አንደኛ ወጥተው የጨረሱትም በዚሁ ነው።

በ1962 ዓ.ም. ነርስ ትምህርት ቤት ገብተው በ1965 ዓ.ም. በአዋላጅነት ተመረቁ። በወረዳችን ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት አገለገሉ። ክፍሉ አራት አልጋ፣ አንድ የሕፃን ሚዛንና በጋዜጣ የተወተፈ መስኮት ነበረው። የተቀበሉትን ልጅ ሁሉ ቀኑንና ክብደቱን በደብተር ይጽፉ ነበር፤ በሃያ ሦስት ዓመት ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ልጆች ሆነዋል። በ1968 ዓ.ም. ከፖስታ ቤት ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ፖስተኛ ሆኖ ሳለ ትዳር በደብዳቤ ሳይሆን በአፉ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

በ1988 ዓ.ም. የወረዳው ሕዝብ እሳቸውን መርጦ ወደ ዞኑ ምክር ቤት ላከ። ያ የሥራ ዘመን ሰማንያ አንድ አባላት ነበሩት። አመራሩ በጉባኤ ተመረጠ ይባላል እንጂ ያለቀው ከጉባኤው በፊት ኮሪደር ላይ ነው። አፈ ጉባኤው የቀድሞ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሲሆኑ፣ ምክትላቸው የሚስታቸው ወንድም ነበሩ። የጤና ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ለአንድ እንጨት ነጋዴ ተሰጠ። አዋላጇ እኅታችን ግን «ጽሕፈትዎ ያምራል» ተብለው የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኑ። ወንበራቸው ስልሳ ሦስተኛው ነበር፤ ከምሰሶ ጀርባ።

ስለዚያ ምክር ቤት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አፈ ጉባኤው ድምፅ ሲያሰጡ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አያነሡም ነበር። «የሚቃወም የለም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚሉት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ጥያቄው የት ጋ አልቆ መልሱ የት ጋ እንደሚጀምር የሚያውቅ አልነበረም። መዶሻቸውም ከቃላቸው ቀድሞ ይወርድ ነበር። ይባስ ብሎ ለሥራ ቅልጥፍና በሚል «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው ሐረግ በቃለ ጉባኤው ቅጽ ላይ ከስብሰባው በፊት ታትሞ ይመጣ ነበር። ሰማንያ አንድ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት ምን እንደሚል ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ኅዳር 11 ቀን 1990 ዓ.ም. በሰባተኛው መደበኛ ጉባኤ አራተኛው አጀንዳ የወረዳችን ማዋለጃ ክፍል ተዘግቶ ቤቱ ለምክር ቤቱ አባላት የእንግዳ ማረፊያ እንዲሆን የሚል ነበር። እኅታችን እጃቸውን አወጡ። መዶሻው ወረደ፤ እጃቸው አልወረደም። አምስተኛው አጀንዳ ሲነበብም እንደተነሣ ነበር። በመጨረሻ ከምሰሶው ጀርባ ቆመው «አንድ እጅ አለ» አሉ። አፈ ጉባኤው ፈገግ ብለው «ሲስተር፣ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። እኅታችን «እኔ ላጨበጭብ አልመጣሁም» ብለው መለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየኮሪደሩ «ሲስተር አንድ ተቃውሞ» ይሏቸው ጀመር፤ ለስድብ ብለው ያወጡትን ስም እኛ በዚህ ጽሑፍ ርእስ ላይ በኩራት አትመነዋል።

ቃለ ጉባኤው ግን «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» እንዳለ ወጣ፤ በየማስታወቂያ ሰሌዳውም ተለጠፈ። ክፍሉ በተዘጋ በሦስተኛው ወር የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ምጥ ይዟት ወደ ዞኑ ሆስፒታል በጭነት መኪና ስትወሰድ መንገድ ላይ ከነልጇ አረፈች። የሟቿ እናት ወረቀቱን ከሰሌዳው ገንጥለው እኅታችን ደጃፍ መጡ። «በሙሉ ድምፅ ይላል። አንቺ ከሙሉው ውጪ ነሽ?» አሏቸው። እኅታችን «እጄን አውጥቼ ነበር» አሉ። በእጃቸው ግን አንዲት ቅዳጅ ማስረጃ አልነበራቸውም። እኚያ እናት ከዚያ ወዲህ እኅታችንን መንገድ ላይ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እኔ በእሳቸው አልፈርድም፤ ያመኑት የታተመውን ነው። የምፈርደው በአታሚዎቹ ነው።

እኅታችን ያንን አንድ መስመር ለማሳረም በቀሩት ሦስት ዓመታት አሥራ አራት ጊዜ ጠየቁ። በየጉባኤው መክፈቻ «የሰባተኛው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ይታረምልኝ፤ እኔ ተቃውሜያለሁ» ይላሉ። ጥያቄው ለድምፅ ይቀርባል። እሳቸው ይታረም ብለው እጃቸውን አውጥተው እያሉ፣ ቃለ ጉባኤው እንዳይታረም በሙሉ ድምፅ ይወሰናል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ አሥራ አራቱም ውሳኔ ተፈርሞና ማኅተም ተመቶበት መዝገብ ቤት ይገኛል። ሰማንያ ሰው በዓይኑ እያየ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከእነዚያ ሰማንያ ውስጥ ዛሬ እዚህ መጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። መጥታችኋልና እናመሰግናለን፤ ሃያ ሰባት ዓመት ግን ዘግይታችኋል።

የሥራ ዘመኑ በ1993 ዓ.ም. ሲያበቃ ዳግም በእጩነት የጠራቸው አልነበረም። ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው እስከ ጡረታቸው እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ በመርፌ ክፍል ሠሩ። በየቀኑ የሚያልፉት በቀድሞው ማዋለጃ በር ነበር። አራቱ አልጋዎች እንኳ አልተቀየሩም፤ የተቀየረው አንሶላው ብቻ ነው። ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከሴት ልጃቸው ጋር ኖሩ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። በሚያዝያ ወር አንዲት ሴት ሊጠይቋቸው መጡ፤ በዚያ ዘመን የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ የነበሩ ናቸው። ከቦርሳቸው የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻቸውን አወጡ። በሰባተኛው ጉባኤ፣ በአራተኛው አጀንዳ ሥር፣ በእርሳስ «ተቃውሞ፦ 1፣ ሲስተር» ይላል። «ያኔ ጽፌው ነበር፤ ቅጹ ላይ ግን ቦታ አልነበረውም። ጡረታ ስወጣ ፍርሃቴንም አብሬ አስረከብኩ» አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው ሃያ ሰባት ዓመት አደረ። እኅታችን መነጽራቸውን አድርገው መስመሯን ደጋግመው አነበቧት። ከዚያ ቀና ብለው «ጽሕፈትሽ ያምራል» አሏቸው።

እኅታችን ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። መምህርት ሴት ልጃቸው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወንድ ልጃቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው በሐዘን ቀርተናል።

ምክር ቤቱ ትናንት የሐዘን መግለጫ ልኮ እዚህ እንዲነበብ ጠይቋል። «በሥራ ዘመናቸው ጉባኤው ያሳለፋቸውን ውሳኔዎች ሁሉ በመደገፍ» ይላል። አናነበውም። በእሱ ፈንታ የቃለ ጉባኤ ያዥዋን ማስታወሻ በዚህ ወረቀት ጀርባ አትመነዋል። ያተምነው ልጃቸውን በመንገድ ላጡት እናት ነው፤ እሳቸውም ዛሬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። እናታችን፣ እባክዎ ገልብጠው ይዩት። እኅታችን ከሙሉው ውጪ ነበሩ።

አንድ የሥርዓት ጉዳይ ቀርቷል። የሰባተኛው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ይታረም የሚለው ጥያቄ ለአሥራ አምስተኛ ጊዜ ቀርቧል። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እርሳሳቸውን ይዘው ከፊት አሉ። በእኅታችን እጅ የተወለዳችሁ፣ ይታረም የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ። እስክትቆጠሩ ድረስ አታውርዱ።

የወጣ እጅ አይቶ የማያልፍ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ይቀበል።