ከቀዩ ገደል ሥር ለበዓል ለጠሩን ለክቡር ከንቲባችን

ለክቡር አቶ አርጊሪስ ማቭሮሊዮን፣
የፔትራኖስ ደሴት ከንቲባ፣ የቱሪዝም ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የበዓላት ዝግጅት የበላይ ጠባቂ፣ ሌላም እኔ ያልሰማሁት ሹመት ካለዎት የዚያም ባለቤት፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለክብርት ባለቤትዎ ሙሉ ጤና፣ እንዲሁም በሕዝብ ጉዳይ ብዛት ጎብጧል ለተባለው ወገብዎ ፈጣን መቃናት ከልቤ እመኛለሁ። እኛ የላይኛው መንደር ሰዎች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ደህና ነን። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የምታውቁት እግዚአብሔርና እርስዎ ብቻ ስለሆናችሁ፣ እግዚአብሔርን በየማለዳው በጸሎት እያነጋገርኩት፣ ለእርስዎ ደግሞ በጋዜጣ መጻፉ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

እኔ ኡራኒያ ካላፋቲ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ወደ ቀዩ የባሕር ዳርቻ ከሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ለእንግዶች ክፍል አከራያለሁ። በዚህ ዓመት ማዘጋጃ ቤትዎ «በፔትራኖስ የሚታዩና የሚደረጉ ነገሮች» የተባለውን ባለ ቀለም መጽሐፍ አሳትሞ ለየቤታችን በነጻ ስላደለን፣ ወረቀቱም እጅግ ጥሩ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ወደ ቅሬታዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል።

አንደኛ፤ መጽሐፍዎ ጀምበር ስትጠልቅ በአሮጌው ምሽግ ላይ ሆኖ ማየት «ነፍስን በጸጥታ ይሞላል» ይላል። እውነት ነው። ባለፈው ሳምንት ወጥቼ የአንድ ረጅም ሰውዬ ማጅራት ስመለከት አመሸሁ፤ ማጅራቱ በእርግጥ ጸጥ ያለ ነበር።

ሁለተኛ፤ በወደቡ ገመድ ላይ ተሰጥተው የሚታዩት፣ መጽሐፍዎ «የደሴቲቱ ዓሣ አጥማጆች የማለዳ ሲሳይ» ያላቸው ኦክቶፐሶች፣ በካርቶን ታሽገው በመርከብ ሲወርዱ አይቻለሁ። ይህ ግን የሚገድለው ሰው ስለሌለ አልፈዋለሁ።

ሦስተኛውን እንዲህ በዋዛ ማለፍ አልቻልኩም። መጽሐፍዎ በፔትራኖስ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ በአንደኛነት ያስቀመጠው ቀዩን ዳርቻ ነው። «በግዙፉ ቀይ ገደል ጥላ ሥር ተጋደሙ፤ ጊዜ ይቁምላችሁ» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው እዚያ ተጋድሞ እንደማያውቅ ግልጽ ነው። በዚህ ዓመት ገደሉ ልማዱን ለውጧል። ፀሐይ ሲበረታ ከውስጡ ከጆንያ የሚፈስ ምስር የመሰለ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ የሚያስፈራውም ዝምታው ነው። በአፋፉ ላይ ካለችው የጸሎት ቤት ጀርባ መሬቱ ተሰንጥቆ የበለሱ ዛፍ ወደ ባሕሩ ዘሟል። በገደሉ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ወፎች ዘንድሮ አልመጡም። ፍየሎቹም ሣሩ እያማራቸው ወደዚያ ማለፍ ትተዋል። ከአቴና የመጣችው የድንጋይ ባለሙያ አደባባይ ላይ፣ ቡና እየጠጣን፣ «ከሥሩ ሰው መቀመጥ የለበትም» ስትል እርስዎም ከጎኗ ተቀምጠው በአክብሮት ራስዎን ነቀነቁላት። በማግስቱ «ድንጋይ ይወድቃል» የሚለው ቢጫ ምልክት ተነቀለ። ለምን ብዬ ብጠይቅ ሠራተኛዎ፣ «ፎቶ ያበላሻል» አለኝ። በእርግጥ አሁን ፎቶው አምሯል።

በዚህ መሀል ባርባ ሲዴሪስ አሉ። እሳቸው ማን እንደሆኑ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ በልጅነትዎ ዋና ያስተማሩዎት እሳቸው ናቸውና። ለማያውቋቸው አንባቢዎች ግን፣ ሰው ሁሉ «ባርባ»፣ አባባ እንደማለት፣ የሚላቸው ሲዴሪስ እንግዶችን በጀልባ እያዞሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ሲስቁ የሚያስሉ፣ ሲያስሉ የሚስቁ ሽማግሌ ናቸው። ከፀደይ ጀምሮ ከገደሉ ሥር ሰው አላወርድም አሉ። ራቅ ብለው ሞተራቸውን ያጠፉና፣ «እዩት፣ ፎቶ አንሱት፣ ከፈለጋችሁም ሳሙት፤ ከዚህ ወዲያ ግን አልሄድም። ገደሉ ዘንድሮ አኩርፏል» ይላሉ። አንድ እንግዳ ከሰሳቸው። ማዘጋጃ ቤትዎም «እንግዶችን በአንደኛው መስህባችን ባለማውረድ የደሴቲቱን ስም አጉድፈዋል» ሲል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። ማስጠንቀቂያውን ዓሣ ጠቀለሉበት።

በሰኔ መጨረሻ ከፖላንድ የመጡ ቦዜና የምትባል ሴትና ሃሊና የተባሉ አሮጊት እናቷ እኔ ዘንድ አረፉ። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የባሕር ውሃ ያሽረዋል የሚል እምነት ይዘው ነው የመጡት። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ እየበሉ ሳለ ቦዜና መጽሐፍዎን ከፍታ ቀዩን ዳርቻ አሳየችኝ።

«የዛሬን ተዉት፤ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ሂዱ፣ እዚያ አሸዋው ለእናትሽ ይመቻል» አልኳት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«ለምን?»

«ገደሉ ድንጋይ ይጥላል።»

እሷ ሳቀች። «አይዞሽ ኡራኒያ! አደጋ ቢኖርበት ማዘጋጃ ቤቱ አንደኛ ብሎ ይጽፈው ነበር?»

ክቡርነትዎ፣ ሁለቱ ፎጣቸውን ይዘው ወደ ቀዩ ዳርቻ ወረዱ፤ የጥያቄዋን መልስ ለእርስዎ ትቻለሁ። እርስዎ ዘንድ ካለ ቢልኩልኝ አሁንም አልረፈደም።

ከምሳ በኋላ ጣሪያው ላይ አንሶላ ሳሰጣ ያ ምስር ሲፈስ ሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ። በየዛፉ ላይ የሚጮኹት ጥቃቅን ነፍሳት ሁሉ አንድ ላይ ዝም አሉ፤ እንዲያ ያለ ዝምታ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሎ መሬቱ ከእግሬ ሥር አንድ ጊዜ ዘለለና ቀይ አቧራ ከአፋፉ በላይ ወጣ። አንሶላዎቹን ጥዬ እየጮህኩ ወደ መንገዱ ሮጥኩ።

የሆነውን ኋላ የነገረችኝ ቦዜና ናት። የመጀመሪያው ናዳ ወደ መንደሩ የሚያወጣውን መንገድ ዘጋው። ሁለቱ ሴቶች ከውሃው ጫፍ ነበሩ፤ አሮጊቷ ከተቀመጡበት መነሳት አቃታቸው። ባርባ ሲዴሪስ ያን ጊዜ እንደ ልማዳቸው ከሩቅ ቆመው ነበር። አልወርድበትም ወዳሉት ዳርቻ ሞተሩን አስነስተው በቀጥታ መጡ። «ወደ ውሃው! ወደ እኔ! ዕቃውን ተዪው!» እያሉ ይጮሁ ነበር። ቦዜና ቋንቋውን ባታውቅም እጃቸውን አይታ ገባት። ሽማግሌው ዘለው ወርደው ሃሊናን እንደ ሕፃን ታቅፈው ጀልባው ውስጥ አስገቡ፣ ልጅቷንም ጎትተው አስገቡ፣ እሳቸው ገና ውሃ ውስጥ ቆመው ጀልባውን ሲገፉ ሁለተኛው ናዳ መጣ። አንድ ድንጋይ ግራ ክንዳቸውን ከጀልባው ጠርዝ ጋር አጣብቆ ፈጨው። ቦዜና በቀሚሷ አስራ፣ እሳቸው በቀኝ እጃቸው መሪውን ይዘው ወደብ ገቡ። «ስንደርስ ሳይቀር እያዘዘን ነበር፤ ገመዱን እንዴት እንደምወረውር በአገጩ አሳየኝ» አለችኝ። አቴና ተወስደው ሐኪሞች ክንዳቸውን ከክርናቸው በላይ ቆረጡት።

ከአቴና ሲመለሱ ቡና ቤት ሄጄ ስጠይቃቸው ባዶ እጅጌያቸውን በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ተቀምጠዋል። ማልቀሴን ሲያዩ፣ «ተይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ኡዞ ለመጠጣት አንድ እጅ ይበቃል። የሚያስቸግረኝ ጫማ ማሰር ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞሩ። «ያ ገና መጀመሪያው ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ «ትልቁ ናዳ ገና ከላይ አለ።»

ማዘጋጃ ቤትዎ አደጋው በደረሰበት ሳምንት ያወጣውን መግለጫ ከነሥርዓተ ነጥቡ በቃሌ አጥንቻለሁ፤ «በቀዩ ዳርቻ አነስተኛ የድንጋይ መንሸራተት ደርሶ፣ ያለ ፈቃድ የተጠጋ ባለ ጀልባ ቀላል ጉዳት ገጥሞታል፤ እንግዶቻችን በሙሉ ደህና ናቸው።» የባርባ ሲዴሪስም የጀልባ ፈቃድ ታገደ። በፀደይ አላወርድም በማለታቸው የተገሠጹት ሰው በበጋ በመውረዳቸው ተቀጡ። እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰጥ አስተዳደር ስላለን፣ በሌሎች ደሴቶች ፊት ደረታችንን ነፍተን መሄድ ይገባናል።

ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ነገር ግን የፍልሰታ በዓል ኮንሰርት በቀዩ ገደል ሥር እንደሚደረግ፣ ከመቃብር ድንጋይ የሚበልጡ ድምፅ ማጉያዎችም እንደሚተከሉ፣ በመጨረሻም ርችት እንደሚተኮስ የሚያበስረው ጥሪዎ በየግድግዳው ተለጠፈ። መንገዱም ተጠርጎ ተከፈተ። ቢሮዎ መጣሁ፤ ስላስገቡኝ አመሰግናለሁ። የተባባልነውን እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎት ረስተውት ይሆናልና ላስታውስዎ።

«ወይዘሮ ኡራኒያ፣» አሉኝ፣ «ያ ገደል አያቴም እያሉ ድንጋይ ይጥል ነበር።»

«አያትዎ ግን ከሥሩ ከበሮ አላስመቱም» አልኩ።

«ታዲያ በዓሉን ልሰርዘው?»

«ቦታውን ይቀይሩት። አደባባዩ አለ፣ ወደቡ አለ።»

«ገደሉ ከሌለማ ማን ይመጣል?» አሉና ሳቁ፤ ቆይተውም፣ «እኔ ራሴ እገኝ የለ እንዴ? አደጋ ቢኖር የምመጣ ይመስልዎታል?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚህች ንግግርዎ ግማሽ ልቤ አምኖዎት ወጣሁ። ሰው በራሱ ሕይወት አይቀልድም ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።

ትናንት ጠዋት አናጢው ስታማቴሎስ ውሃ ሊጠይቅ በረንዳዬ ላይ ቁጭ አለ። ላቡን እየጠረገ ሥራ እንደበዛበት አጫወተኝ።

«የባለሥልጣናቱ መድረክ ነው ወገቤን የቆረጠኝ፣ እትዬ ኡራኒያ። ጀልባ ላይ መሥራት እንደ መሬት አይደለም፤ ይወዛወዛል።»

«የምን ጀልባ?»

«ከንቲባውና እንግዶቻቸው የሚቀመጡት በትልቁ ጀልባ ላይ ነዋ፣ ባሕሩ መሀል። ከዚያ ሲታይ ያምራል ብለው።»

«ከዳርቻው ምን ያህል ይርቃል?»

ስታማቴሎስ ብርጭቆውን በመዳፉ ውስጥ አዞረ። ደግ ሰው ነው፤ ውሸት አይችልበትም። «ድንጋይ ከማይደርስበት ላይ መልህቁ ይጣል አሉኝ» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ውሃውን ሳይጨርሰው ተነሥቶ ሄደ።

ክቡርነትዎ፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እርስዎን የማይሰማ፣ የማያይ፣ የማይገባው ሰው አድርጌ ቆጥሬዎት ነበር። ለዚህ ስሕተቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ከሁላችንም በላይ ገብቶዎታል። ገደሉ እንደሚወርድ ያውቃሉ፤ የድንጋዩን መድረሻ እንኳ ለክተዋል፤ ከለኩ በኋላም የሰዉን ቦታ ከመስመሩ ወዲያ፣ የራስዎን ከመስመሩ ወዲህ አደረጉት። 

ስለዚህ በትሕትና የማሳውቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የላይኛው መንደር ሴቶች ወንበራችንን ይዘን ወደ ዳርቻው በሚወርደው መንገድ አፍ ላይ እንቀመጣለን። ባርባ ሲዴሪስ ከመካከላችን ይሆናሉ፤ እጅጌያቸውን ለሚያይ ሰው ሁሉ ምልክት ናቸው፣ ፎቶም ቢያበላሹ ግድ የላቸውም። በባሕር በኩልም ባለ ጀልባዎቹ አንድም ሰው ከገደሉ ሥር ላያወርዱ ተማምለዋል። ወደ ኮንሰርቱ መውረድ የሚፈልግ በእኛ ላይ ተራምዶ ይወርዳል። ሳጅን ፎቲስን እንደሚልኩብን አልጠራጠርም፤ ይላኩት። የክርስትና ልጄ ነው፣ የነጠላ ጫማዬንም ጣዕም ከልጅነቱ ያውቀዋል። ትናንት ማታ መጥቶ፣ «እማማ፣ ትእዛዝ ቢመጣብኝ ምን ላድርግ?» አለኝ። «ወንበር ይዘህ ና» አልኩት። ኋላ ግን እናቱንና እህቶቹን በዚያ ቀን ከቤት እንዳይወጡ ማዘዙን ሰምቻለሁ።

ጤናዎን፣ ሹመትዎንና ከሁሉም በላይ ከገደል መራቅ የሚያውቀውን ጥበብዎን ፈጣሪ ያርዝምልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በአፋፍ ላይ የምኖር፣ እንቅልፍ ያጣሁ፣ ሆኖም ሁልጊዜ ታዛዥዎ፤

ኡራኒያ ካላፋቲ
ላይኛው መንደር፣ ፔትራኖስ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ልሰጥ ስወጣ ገደሉ ጠዋት እንደገና ትንሽ መውረዱን ሰማሁ። ከሥሩ ሰው አልነበረም፤ ለሕዝቡ አስቀድመው ያስደረደሯቸው የፊተኛው ረድፍ ወንበሮች ብቻ ነበሩ፣ አሁን ከድንጋዩ ሥር እግራቸው ብቻ ይታያል። እስከ ቀትር ድረስ በዚያው ቦታ አዳዲስ ወንበሮች አስደርድረዋል። የመሥሪያ ቤትዎን ቅልጥፍና አደንቃለሁ፤ በእነዚህኞቹ ላይ ለሚቀመጡት ሰዎችም ምትክ የሚያወጡበት መጋዘን የት እንዳለ ለቤተሰቦቻቸው ከአሁኑ ቢያሳውቁልን።