በጋብቻ ሽማግሌ የተመራው የአእምሮ ጥናት

ይድረስ ለክቡር የከተማ ነዋሪዎች የአእምሮ ጤና ጥናት ኃላፊ
ሞጣ፣ ጥር 2009 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነባልደረቦችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወንድሜ ሀብተ ሥላሴ ግን ደህና አይደለም። ይህን እንዳያውቁ የደከሙትን ድካም ላመሰግን ነው ብዕር ያነሣሁት።

አንደኛ፤ የአእምሮ ሕመም ከዘር ይመጣ እንደሆነ ወይስ ከከተማ ኑሮ ለማጥናት ባለሙያዎችዎን እስከ ቤታችን ስለላኩልን ክብረት ይስጥልን። መንገድ መሪ አድርገው የመረጡልን ግን አቶ ገብረ ኪዳንን ነው። እርሳቸው በሰፈራችን ልጅ ስትታጭ አጥንት የሚቆጥሩ፣ የማንን አያት ምን እንደነካው እስከ ሰባት ቤት የሚያውቁ የጋብቻ ሽማግሌ ናቸው። ያልተዳረች ልጅ ያለችው አባት በእርሳቸው ፊት በቤትህ የአእምሮ ሕመምተኛ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ምን ይበል? አባቴም ለእኔ ብሎ አጥንታችን ንጹሕ ነው፣ ወንዱ ልጄም ቢቸና እህል ይነግዳል አለ። ሀብተ ሥላሴ ያን ጊዜ ጓዳ ውስጥ እግሩን ታስሮ ለብቻው ያወራ ነበር። ባለሙያዎችዎ ድምፁን እየሰሙ እንዳልሰሙ ስለሆኑልን ጨዋነታቸውን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ ማናለሽ የሚድሯት ሴት ልጅ ስለሌለቻቸው ያለውን ሁሉ ዘርግፈው ተናገሩ። ልጃቸው ምናለም ተመዘገበ፣ ሐኪም አየው፣ መድኃኒት ጀመረ። አሁን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሳልፍ እንዴት አደርሽ ይለኛል። ቅናት ኃጢአት መሆኑ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን እንዴት አደርሽ ባለኝ ቁጥር ፊቴን አዙሬ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ወይዘሮ ማናለሽ ዛሬ ጢሙን ራሱ ተላጨ ብለው ሲነግሩኝ እሰይ እላለሁ፤ ከአንገት በላይ ነው። የእኔ ወንድም ስሜን ከረሳ ቆይቷል።

ሦስተኛ፤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እውነቱን ብናገር ምዝገባው ተዘግቷል፣ ወንድምሽ በመዝገቡ ቢቸና ስለተባለ የጥናቱ የቢቸና ቡድን ያገኘዋል ተባልሁ። ቡድኑም በቢቸና እህል ተራ ሲያፈላልገው እንደዋለ ሰምቻለሁ። ስለ ልፋታቸው እግዜር ይስጣቸው፤ ጓዳችን ግን ከቢሮዎ ማዶ ነው።

ጥናትዎ እንዲሰምር፣ እድሜዎም እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ በትሕትና እጅ እነሣለሁ።

ወይንእሸት ፋንታ፣ የሀብተ ሥላሴ እህት

ማስታወሻ፤ ከጤነኞች ቤት ለማነጻጸሪያ ብላችሁ የወሰዳችሁት ደም የእኔ ነው፤ የአባቴ እህትም በዚሁ ሕመም ታስራ ነው የሞተችው፤ አስተካክላችሁ ጻፉት። አቶ ገብረ ኪዳንም ይህን ለጠያቂ ሁሉ እንዲያነቡ ፈቅጃለሁ። የሚያጨኝ ቢቀር ይቅር፤ ሐኪሙ ይምጣ እንጂ የጓዳውን በር እኔው እከፍታለሁ።