የታማር ጓንት

ኖቬምበር 3
ዝናብ። የአንድ ጫማ ሶል ለወጥኩ፤ ሌላ ሥራ የለም። ጣቶቼ ወስፌ መያዝ እምቢ ብለዋል። ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ተሰማኝ... ሚስቴ ታማር ናት። ከሞተች አራት ዓመቷ። ዝናብ ሲሆን ነው የምትስለው።

ኖቬምበር 9
ከዕፅዋት አጥኚዎች ማኅበር ሚስተር ኦርሜሮድ ከማንችስተር መጣ።
"አሥራ አንድ ሊቃውንት ማመልከቻውን ፈርመውልዎታል። መንግሥት ለዕውቀት ላገለገለ ሰው ጡረታ ይሰጣል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።"
"እኔ ለማኝ አይደለሁም።"
"ማን ለማኝ አለዎት? ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ይህን ሁሉ የድንጋይ ሽበት ከየገደሉ ለቅመው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።"
ወረቀቱን ትቶልኝ ሄደ።

ኖቬምበር 10
ፊደል በፊደል አነበብኩት። ከሁሉ ያስቀደሟት ያቺን ቢጫዋን የድንጋይ ሽበት፣ በስሜ የተጠራችውን ነው። "ብቻውን ከፏፏቴው ገደል ያገኛት" ይላል። ብቻውን...

ኖቬምበር 11
ልጻፈው። ያገኘኋት እኔ አይደለሁም። ዝናቡን ሸሽቼ ቋጥኝ ሥር ፒፓዬን አጨስ ነበር። ገደሉን የወጣችው ታማር ናት። እስከ ወገቧ ርሳ፣ ቢጫዋን በጓንቷ ውስጥ ይዛ ወረደች። ማኅበሩ ያኔ የሴት ደብዳቤ አይቀበልም ነበር፤ በኔ ስም ላክነው። ሳቀች። "ቢጫዋ ስምህን ትያዝ፣ እኔ አንተን ይዣለሁ" አለች። ሳሉ የጀመራት በዚያው ሳምንት። እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም።
ለምን አልወጣሁም እኔ?

ኖቬምበር 19
ጎረቤቴ ማርታ ሾርባ ይዛ መጣች።
"ካልፈረምክ በረዶው ሳይቀልጥ የድሆች መጠጊያ ቤት ያስገቡሃል። ይሄን ሁሉ ወረቀትህን እሳት ይለኩሱበታል። ኩራትህን ቀቅለህ ብላ እንግዲህ፣ አንተ ሽማግሌ።"
"ሾርባሽ ጨው ያንሰዋል" አልኳት።

ዲሴምበር 2
ለኦርሜሮድ ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቱን ደግሞ አነበበ።
"ይህን ከጻፍን ነገሩ ሊፈርስ ይችላል። አሥራ አንዱም የፈረሙት በዚያች ቢጫ ምክንያት ነው።"
"ስሟ ካልገባ አልፈርምም።"
"ባለቤትዎ እኮ ሞተዋል፣ ሚስተር ሆልሮይድ።"
"ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ትሰማለች።"
ባዶ ወንበሯን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ስሟን ሊጨምር ብዕር አወጣ።

ጃንዋሪ 8
ከሊቃውንቱ ሁለቱ ስሟን አይተው ፊርማቸውን ሰርዘዋል። ዘጠኝ ቀሩ። ዛሬ ክፉኛ ሳለች።

ፌብሩዋሪ 17
ጡረታው ተፈቀደ። ከጠየቁት ግማሹን ነው፤ ለዳቦና ለከሰል ይበቃል። ኦርሜሮድ ከደብዳቤው ጋር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ልኳል፤ ሙዚየሙ ከቢጫዋ ሥር የለጠፈው ጽሑፍ ግልባጭ። "ያገኘቻት፦ ታማር ሆልሮይድ።" ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለቴ።
ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ቆየሁ።
ምንም ሳል የለም።
ያን ቀን የራሰውን ጓንቷን እሳቱ ዳር አሰጣሁት። ደረቅ ነው... ይሁን።