አባዬን ልታለቅስ የመጣችው ሴት

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ወገብህን ተሻለህ ወይስ አሁንም ያምሃል? እኛ ሰው ከቦን አለቀስን፤ አንተ ግን በባዕድ አገር ያለ ዘመድ ለሐዘን መቀመጥህ ያሳዝነኛል። እማዬ ደህና ናት፣ እህል መቅመስ ጀምራለች። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ጉዴን ስማኝ።

አባዬ ያን ተሳቢ መኪና ሲነዳ ኖሮ ያልረገጠው አገር እንደሌለ ታውቃለህ። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ አገጫችንን በየተራ ይዞ "አደጋችሁ! ማን ፈቀደላችሁ?" ይለን ነበር። ጉንፋን ቢይዘን ከስንት ድንበር ማዶ ሆኖ ያውቃል። በምን እንደሚያውቅ ግን ጠይቄው አላውቅም።

ሐዘን ላይ ሳለን አንዲት መልከ መልካም ሴት ደጃፍ ላይ "ወይኔ ወንድሜን!" ብላ ወደቀች። የለበሰችው የአባዬን ሹራብ ነው፤ ያንኑ አንተ የላክህለትን! ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አክስታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እንግዲህ ሹፌር አይደል..." አለችኝ። ደሜ ፈላ። ቤት ሙሉ ሰው እያየኝ ተነሥቼ "ከአባቴ ስንት ወልደሻል? ለውርስ ከሆነ የመጣሽው፣ ቤቱ ይኸው!" አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ሴትዮዋ እንባዋን እንኳ አልጠረገችም። ትክ ብላ አይታኝ "ጥንቸሏ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። በጥርሴ ምክንያት እንደዚያ የሚጠራኝ አባዬ ብቻ ነበር። እማዬ ድምጿን ስትሰማ ብድግ አለች። "እህቴ፣ አንቺ ነሽ?" ብላ እየተንገዳገደች ሄዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ለካ ሴትዮዋ በረሃው መግቢያ ላይ ሻይ ቤት አላት። በዚያ መንገድ ስልክ ያላት እሷ ብቻ ስለነበረች አባዬ እማዬን የሚያገኛት ከእሷ ዘንድ ነው፤ የእኛንም ጉንፋን የሚሰማው እዚያው። መስመሩ እንቢ ያለ ቀን እሱ መንገዱን ይቀጥላል፣ እሷ ስትሞክር ውላ ለእማዬ "አልፏል፣ በልቷል፣ ደህና ነው" ትላታለች። ሁለቱ ሳይተያዩ እህትማማች ሆነው ኖረዋል። የምታከራየው አልጋ ቢኖራትም አባዬ "ከቤቴ ውጭ አልጋ አይስማማኝም" እያለ መኪናው ውስጥ ነበር የሚያድረው። ሹራቡንም ወባ ሲያንቀጠቅጣት አውልቆ ደርቦላት፣ ያንኑ ዕለት ለእማዬ ነግሯታል።

የማፍረው በሴትዮዋ ብቻ አይደለም። ዕድሜውን ለእኛ ሲል መንገድ ላይ የጨረሰውን ሰው በገዛ ለቅሶው ላይ ሰደብኩት። እማዬ ስለዚያ ቀን እስካሁን በአንድ ቃል እንኳ አልወቀሰችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ተከትያት ሄድኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አነሣችኝ። "እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር፤ ግን ጓዳ ጠርቼ" ብላኝ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ይቅር ብላኝ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

አሁን እማዬ እሁድ እሁድ ትደውልላታለች። ዓይኗ ስለደከመ ቁጥሩን የምመታላት እኔ ነኝ። "ነይ፣ ሰላም በያት" ስትለኝ ስልኩን መልሼላት እወጣለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። አክስታችንም ሰላም ብላሃለች፤ ሹክሹክታዋን እንዳልጽፍልህ ለምናኝ ነበር። ባለቤትህን እቀፍልኝ፣ ልጆቹን አገጫቸውን ይዘህ ሳምልኝ።

አንገቷን የደፋች እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን